ዲኤክስ 7 እስካሁን የሚፈለገው በናፍቆት ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ስለ አሮጌ የሙዚቃ መሳሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነው፣ በተለይ ስለ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች፣ ማለትም ድምጽን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ስለሚፈጥሩ ኪቦርዶች፣ ያለው ክፍል በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ወደ ዲጂታሎቹ፣ ድምጹን በቁጥር አስልተው ወደሚፈጥሩት፣ ሲደርስ ቶሎ ነው ያለፋቸው፣ ሰው እነዚህን የሚገዛቸው በልጅነቱ የሰማውን ድምጽ ናፍቆ ነው የሚል አይነት ነገር ብሎ በቃ ወደ ሌላ ወሬ ገባ። እኔን ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ምክንያቱም የነዚህ ዲጂታሎች ዋናው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው፣ እሱ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው ዛሬ እየፈለጉ የሚገዙት። ያልኖሩበትን ዘመን እንዴት አድርገው ይናፍቁታል? የሆነ ሌላ ነገር ቢያገኙበት ነው እንጂ። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፣ ከዚህ መሳሪያ ጋር ደሞ ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ስለዚህ ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በምችለው ላስረዳ። ደብዳቤው ይረዝማል፣ ነገሩ ባጭሩ የሚነገር ስላልሆነ ታገሱኝ። ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መልኩ ልናገርና ልገላገል። ዲኤክስ 7 በመልኩ የሚያስገዛ እቃ አይደለም። ጠቆር ያለ ቡናማ የብረት ሳጥን ነው፣ 61 ቁልፍ አለው፣ ከላይ በኩል ስትጫኗቸው ገባ እንኳን የማይሉ ጠፍጣፋ በተኖች ተደርድረውበታል። አናሎጎቹ ላይ የምናውቃቸው የሚዞሩ ኖቦች የሉም። ያለው ቁጥር የሚቀየርበት አንድ ስላይደር ነው፣ እና በሁለት መስመር 16 16 ፊደል የምታሳይ ትንሽዬ ስክሪን፣ እሷም ከኋላዋ መብራት የላትም፣ ጨለማ መድረክ ላይ ከሆናችሁ ማንበብ ከባድ ነው። አንድ ድምጽ ለመስራት ከ150 ያላነሱ ቁጥሮች አሉ፣ በአንድ ጊዜ የምታዩት ግን አንዱን ብቻ ነው፣ በተን ተጭናችሁ፣ ቁጥሩን ቀይራችሁ፣ ሌላ በተን ተጭናችሁ፣ ቀጣዩን ቀይራችሁ እያላችሁ ነው የምትሄዱት። እንግዲህ ለጌጥ ወይ ለምቾት ብሎ የሚገዛው ሰው የለም ማለት ነው። የሚያስገዛው ድምጹና ስትጫወቱበት ጣታችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ድምጹ ከየት መጣ የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዛሬም ሰውን የሚስበው ነገር እዛው መነሻው ላይ ነው ያለው። ጆን ቻውኒንግ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ነው ያገኘው፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በ1967። ደራሲ ነው ያልኩትን ልብ በሉልኝ፣ ኢንጂነር አይደለም፣ ሙዚቃ የሚጽፍበት ድምጽ ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ ቫይብሬቶ እየሞከረ ነበር። ቫይብሬቶ ታውቁታላችሁ፣ ዘፋኝ ወይ ቫዮሊን ተጫዋች አንድ ኖታ ይዞ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው የምንሰማው መንቀጥቀጥ ነው፣ በሰከንድ አምስት ስድስት ጊዜ ገደማ። ቻውኒንግ ይሄን መንቀጥቀጥ ሰው በእጁ ሊያደርገው ከሚችለው በላይ አፈጠነው፣ አሰፋውም። በሰከንድ ከ20 ጊዜ ገደማ ሲያልፍ ጆሮው ከፍ ዝቅ የሚለውን መከተል አቃተው፣ እና መንቀጥቀጡ ጠፍቶ በቦታው አዲስ ድምጽ ተሰማ፣ የራሱ ቀለም ያለው፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበሩት ግን ሁለት ሳይን ዌቮች ብቻ ናቸው። ሳይን ዌቭ ማለት ካሉት ድምጾች ሁሉ ባዶው ነው፣ ፉጨት አይነት ነገር፣ ምንም ቀለም የሌለው። ሁለት ባዶ ድምጾች፣ አንዱ ሌላውን በፍጥነት ሲያንቀጠቅጠው፣ ትራምፔት ወይ ደወል ወይ ክላሪኔት የሚመስል ነገር ያወጣሉ። እኔ ይሄን መጀመሪያ ስረዳ ደንግጫለሁ፣ አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

አሰራሩን ትንሽ ጠለቅ ብዬ ላስረዳ፣ አይከብድም። የሚንቀጠቀጠውና የምንሰማው ካሪየር ይባላል፣ የሚያንቀጠቅጠው ደሞ ሞጁሌተር። ሞጁሌተሩን በቀጥታ አንሰማውም፣ ስራውን ብቻ ነው የምንሰማው። ሁለቱ ሲገናኙ ከካሪየሩ ግራና ቀኝ አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎች ይወለዳሉ፣ አንዱ ከሌላው የሚርቀው በሞጁሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ልክ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሁለቱ ሬሾ ነው። 1 ለ 1 ከሆኑ የተወለዱት ሁሉ ተስተካክለው ይሰለፋሉና ብራስ፣ ማለትም እንደ ትራምፔት ያለ የሚነፋ የብረት መሳሪያ፣ የሚመስል ሙሉ ድምጽ ታገኛላችሁ። ሞጁሌተሩን እጥፍ ካደረጋችሁት፣ ማለትም 1 ለ 2፣ የመሰረቱ ድምጽ 1፣ 3፣ 5 እጥፍ እያሉ የሚሄዱት ጎዶሎ ቁጥር ሃርሞኒኮች ብቻ ይቀራሉና ወደ ክላሪኔት ይሄዳል። ሬሾውን የማይገጥም ቁጥር ስታደርጉት፣ ለምሳሌ 1 ለ 1.4፣ ፍሪኩዌንሲዎቹ አይሰለፉም፣ ይበታተናሉ፣ እና ደወል ትሰማላችሁ። ዘዴው ኤፍኤም፣ ሲዘረዘር ፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን፣ ይባላል፣ ቻውኒንግ ይሄን ሁሉ በ1973 ባሳተመው ጥናት ላይ አስቀምጦታል፣ የደወሉንም የብራሱንም የክላሪኔቱንም አሰራር። በሁለት ሳይን ዌቭ።

ግን ከሬሾው በላይ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሞጁሌተሩ ምን ያህል በሀይል እንደሚያንቀጠቅጥ ስትጨምሩ ድምጹ እየበራ ይሄዳል፣ ስትቀንሱት እየደበዘዘ ወደ ባዶው ሳይን ዌቭ ይመለሳል። ይሄ ደሞ የእውነተኛ መሳሪያዎች ጠባይ ነው። ዣን ክሎድ ሪሴ የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የትራምፔት ድምጽ በኮምፒውተር ሲተነትን ያገኘው ይሄንኑ ነበር፣ ትራምፔት ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙም አብሮ ይበራል፣ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ቻውኒንግ የሪሴን ስራ ያውቅ ስለነበር ያንን በራሱ ዘዴ ሞከረው፣ የድምጹን ጉልበትና የሞጁሌተሩን ጉልበት አንድ ላይ አሰራቸው፣ እና ብራሱ መጣ። እቺን ነገር ያዙልኝ፣ ጉልበትና ቀለም አብረው ሲሄዱ የሚለውን፣ የኔ ደብዳቤ ዋና ነገር እሱ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የንግዱ ታሪክ ነው፣ እሱን በፍጥነት ልለፈው። ስታንፎርድ መጀመሪያ የአሜሪካ ኦርጋን ሰሪዎችን አናገረ፣ እነሱ አልፈለጉትም። ያማሃ ግን ቶሎ ገባው፣ በ70ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ መብቱን ይዞ ለዓመታት ሲሰራበት ቆየ፣ ምክንያቱም ሀሳቡ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ እንጂ በትንሽ ቺፕ ላይ ሊሰራ የሚችልበት ጊዜ ገና ነበር። ፓተንቱ በ1977 ጸደቀ፣ ለስታንፎርድ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶለታል። ከዲኤክስ 7 በፊት ጂኤስ 1 የሚባል ትልቅ፣ ከባድና ውድ ኪቦርድ ወጥቶ ነበር፣ ጥቂት ሰው ነው ያገኘው። እና በ1983 ዲኤክስ 7 መጣ፣ በ1,995 ዶላር። ሁለት ሳይን ዌቭ ብቻ ሳይሆን ስድስት፣ ኦፕሬተር ነው የሚሏቸው፣ እነሱን እርስ በርስ ለማገናኘት 32 አይነት አደራደር፣ አልጎሪዝም ይሉታል፣ እና በአንድ ጊዜ 16 ኖታ። ይሄን ከዘመኑ ጋር አወዳድሩት፣ ሚኒሙግ የሚባለው አናሎግ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ነው የሚያወጣው፣ የሁሉም ሰው ምኞት የነበረው ፕሮፌት 5 ደሞ ስሙ እንደሚለው አምስት፣ ዋጋውም ከዲኤክስ 7 እጥፍ አካባቢ ነበር። ሚዲም፣ ኪቦርዶችና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ማለት ነው፣ በዛው ዓመት ነው የመጣው፣ ዲኤክስ 7 ከመጀመሪያዎቹ ሚዲ ካላቸው አንዱ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ተሸጠ። ለዛ ጊዜ ሲንተሳይዘር ይሄ ያልታየ ነገር ነበር።

እሺ፣ እስካሁን ያልኩት ለምን ያኔ እንደተወደደ ነው፣ ዋጋና ብዛት ምናምን። ዛሬ ግን 16 ኖታ ምንም አይደለም፣ ስልክ እንኳን ከዛ በላይ ያወጣል። ታዲያ ዛሬ ለምን?

ለጣት ስለሚመልስ ነው። ከሱ በፊት የነበሩትን ታዋቂ አናሎጎች፣ ሚኒሙግንም ፕሮፌት 5ንም፣ ቁልፋቸውን በቀስታ ብትነኩት በሀይል ብትመቱት ያው ነው፣ ቁልፉ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው የነበረው። ዲኤክስ 7 ላይ ግን የምትመቱበት ፍጥነት ይለካል፣ እና የተለካው ነገር የት እንደሚሄድ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፣ ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር ለብቻው ከ0 እስከ 7 ትሰጡታላችሁ። ካሪየሩ ላይ ብትሰጡት ጩኸቱ ይጨምራል፣ ይሄ ማንኛውም ኪቦርድ የሚያደርገው ነው። ሞጁሌተሩ ላይ ስትሰጡት ግን ቀለሙ ራሱ ይቀየራል፣ ቀስ ስትሉ ለስላሳና ጨለም ያለ፣ ጠንከር ስትሉ የሚያበራና የሚነክስ። ያ የሪሴ ትራምፔት ነገር፣ ጉልበትና ቀለም አብረው ሲሄዱ፣ ከጣታችሁ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። እና በየመሃሉ ያለው ሁሉ አለ፣ በቀስታና በሀይል መሀል ደረጃ ደረጃ አይደለም፣ ይፈሳል።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ዛሬ ካሉት ሳምፕል ኪቦርዶች ጋር አስተያዩት። ሳምፕል ማለት እውነተኛ ፒያኖ ተቀድቶ የተቀመጠ ነው፣ በቀስታ ሲመታ አንድ ቅጂ፣ በመካከለኛ አንድ፣ በሀይል አንድ፣ ጥሩዎቹ ብዙ ቅጂ አላቸው፣ ግን ሁሌም ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው መሻገር አለ፣ አንዳንዴ ይሰማል፣ ባይሰማም ጣት ያውቀዋል። ዲኤክስ 7 ምንም የተቀዳ ነገር የለውም። እያንዳንዷን ኖታ በመታችኋት ቅጽበት ከዜሮ ያሰላታል፣ በመታችሁበት ልክ። ለዚህ ነው ሰዎች እውነተኛውን ፒያኖ ወይ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ባይመስልም እንኳን ሲጫወቱበት ህይወት አለው የሚሉት። ማስመሰል ላይ ዛሬ ማንም ሳምፕል ይበልጠዋል፣ እሱን አልከራከርም፣ ቢሆንም መመለስ ላይ አሁንም ብዙዎቹን ይበልጣቸዋል።

ያንን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ኢ ፒያኖ 1 የሚባለውን ድምጽ ውሰዱ። አልጎሪዝም 5 ላይ ነው የተሰራው፣ ስድስቱ ኦፕሬተሮች በሶስት ጥንድ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ካሪየርና አንድ ሞጁሌተር። ከነሱ አንዱ ጥንድ ላይ ሞጁሌተሩ በ14 ሬሾ ተቀምጧል፣ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ እና ቶሎ ነው የሚሞተው። ሮድስ ውስጥ መዶሻው ቀጭኗን ብረት ሲመታት የምትሰማዋ ቲንግ የምትል ድምጽ እሱ ነው። በቀስታ ስትጫወቱ ቲንጓ የለችም ማለት ይቻላል፣ የሚሰማው ክብ ለስላሳ ድምጽ ነው። ትንሽ ጠንከር ስትሉ ከስር ብቅ ትላለች፣ በሀይል ስትመቱ ቀድማ ትወጣለች። ባላድ የሚያጅብ ተጫዋች በአንድ እጅ ውስጥ አራት ኖታ ይዞ ላይኛዋን ብቻ ትንሽ ቢጫናት፣ ሌሎቹ ከኋላ ቀርተው እሷ ብቻ ታበራለች፣ ማንም ሚክሰር ሳይነካ። ያን ጊዜ ሁሉ ሰው በዚህ ድምጽ ቢያብድ አይገርመኝም።

ከቁልፉ ሌላም አለ። ቁልፉን ተጭናችሁ ከያዛችሁት በኋላ ደግማችሁ ጠበቅ ስታደርጉት ያውቃል፣ አፍተርታች ይሉታል። ደሞ ብሬዝ ኮንትሮለር የሚባል በአፍ ተይዞ የሚነፋ ትንሽ ነገር አለ፣ ፊት ለፊቱ ላይ መሰኪያ አለው፣ እፍ ስትሉበት ትንፋሻችሁ ሞጁሌተሮቹን ይነዳቸዋል። የብራስ ድምጽ ጠርታችሁ በጣት ኖታውን ይዛችሁ በትንፋሽ ስታሳድጉትና ስታከስሙት... ይሄን ያላየ ሰው ዲኤክስ 7ን አውቀዋለሁ ባይል ደስ ይለኛል። በጣም ጥቂት ሰው ነው የተጠቀመበት፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከመሳሪያው ክፍሎች ሁሉ ቆንጆው እሱ ይመስለኛል።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምንድነው በኋላ ሰው የጠላው የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ በ90ዎቹ ርካሽ ሆኖ ሰው ሲጥለው የነበረ እቃ እኮ ነው። መልሱ ፕሪሴቶቹ ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ አብረውት የመጡት ድምጾች እጅግ ጥሩ ነበሩ፣ ዴቪድ ብሪስቶና ጋሪ ሉዌንበርገር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዋናውን ስራ ሰርተውባቸዋል፣ እና በጣም ጥሩ ከመሆናቸው የተነሳ ማንም ወደ ውስጥ መግባት አላስፈለገውም፣ መግባቱም ደሞ ከላይ እንዳልኩት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የዓለም ሙዚቀኛ በሙሉ ማለት ይቻላል ያንኑ ኢ ፒያኖ፣ ያንኑ ቤዝ፣ ያንኑ ደወል፣ ያንኑ ማሪምባ ተጫወተ። ሬዲዮ በከፈትክ ቁጥር እሱ ነው። ሰው ሰለቸው፣ እውነቱን ነው። ግን የሰለቸው ጥቂት ድምጾች ናቸው፣ መሳሪያው ገና አልተነካም ነበር። ብራያን ኢኖ ለምሳሌ ይዞት ገብቶ ለብዙ ዓመታት የራሱን ድምጽ ሲሰራበት የኖረ ሰው ነው፣ የሱን ረጋ ያሉ ድምጾች ስትሰሙ ከዛ ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ዲኤክስ 7 የወጡ አይመስላችሁም። ስድስት ኦፕሬተር፣ 32 አልጎሪዝም፣ ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር የራሱ ሬሾ፣ ድምጹ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚከስም የሚወስን የራሱ ባለ አራት ደረጃ ኢንቨሎፕ፣ ይሄ አያልቅም፣ አንድ ሰው እድሜውን ሙሉ ቢቆፍረው አይጨርሰውም። የዛሬ ልጆች ያገኙት ይሄንን ነው። እነሱ ፕሪሴቶቹን ሰምተው አልሰለቹም፣ ስለዚህ በንጹህ ጆሮ ነው የሚመጡት።

ለሚጀምር ሰው አንድ መንገድ ልጠቁም፣ እኔ ለጓደኞቼ የምነግራቸው ነው። አልጎሪዝም 5 ላይ ሁኑና ከአንደኛውና ከሁለተኛው ኦፕሬተር በስተቀር ሌሎቹን አጥፏቸው፣ ኤዲት ውስጥ እያላችሁ በበተን አንድ አንዱን ማጥፋት ይቻላል። አሁን ያላችሁ የቻውኒንግ ሁለት ሳይን ዌቭ ነው። የሁለተኛውን ጉልበት ከዜሮ ቀስ እያላችሁ አሳድጉትና ስሙት። ከዛ ሬሾውን ወደ 2፣ ወደ 3 ቀይሩት፣ ከዛ ወደማይገጥም ቁጥር። ከዛ ቬሎሲቲውን፣ ያንን የምትመቱበትን ፍጥነት፣ ስጡትና በተለያየ ጉልበት ምቱት። እዚህ ላይ ቆዩ፣ አትቸኩሉ፣ እነዚህን ሁለቱን በደንብ የተረዳ ሰው ስድስቱ አይከብዱትም፣ ያንኑ ደጋግሞ ማጣመር ነው። አብዛኛው ሰው ከስድስቱ ይጀምርና ድምጹ ወደ ጫጫታ ይሄድበትና ይተወዋል። ይሄ መሳሪያ አይቻልም የሚለው ወሬ ከዛ የመጣ ነው እንጂ ነገሩ ስርዓት አለው።

አሁን ስለ ዛሬው ገበያ። ጽሁፋችሁ ያላነሳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱም ድምጾቹ እንዴት እንደቆዩ ነው። ዲኤክስ 7 ውስጥ ድምጽ ማለት ቁጥሮች ናቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም። 32ቱ የውስጥ ድምጾች በሙሉ አንድ ላይ በሚዲ ሲላኩ ዳታቸው 4096 ባይት ነው፣ ከዚህ ደብዳቤ ያንሳል። ስለዚህ በ1983 አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የሰራው ድምጽ ምንም ሳይጎድልበት ዛሬ እኔ ጋ ይደርሳል፣ የተቀዳ ስላልሆነ አያረጅም፣ ስጠራው መሳሪያዬ እንደ አዲስ ያሰላዋል፣ እኔም አንዷን ቁጥር ቀይሬ የራሴ አደርገዋለሁ። በ40 ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ድምጾች እንደዚህ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ ኖረዋል። እና ደሞ የሚያነባቸው ዋናው ኪቦርድ ብቻ አይደለም፣ ዴክስድ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ ሁሉንም ያነባቸዋል፣ በ2016 የወጣው ኮርግ ቮልካ ኤፍኤም የሚባለው እጅ ላይ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ያነባቸዋል። የትኛው ሌላ የዛ ዘመን ሲንተሳይዘር ነው ድምጾቹ እንደዚህ በህይወት ያሉት? አናሎጎቹ ላይ ጥሩ ድምጽ ካገኛችሁ የኖቦቹን አቀማመጥ በወረቀት ስላችሁ ነበር የምታስቀምጡት፣ ድምጹን ራሳቸው የሚያስቀምጡትም ቢሆኑ ሁለቱ ተመሳሳይ መሳሪያዎች እኩል አይሰሙም።

ሶፍትዌሩ ካለ ታዲያ አሮጌውን ለምን ይገዛሉ ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ይበቃል፣ እኔም መጀመሪያ እሱን ሞክሩ ነው የምለው። ግን የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ከዛሬዎቹ ዲጂታሎች ያነሰ ጥራት ነው ያለው፣ ድምጹን ወደ ስፒከር የሚያወጣው ክፍል 12 ቢት ነው፣ እና ኖታው እየከሰመ ሲሄድ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻካራነት አለ፣ ብናኝ አይነት ነገር፣ በተለይ ዝቅ ያሉ ረጃጅም ኖታዎች ላይ። ንጹህ አድርገው የሰሩት ሶፍትዌሮች ይሄን ስላጠፉት ድምጹ ቀዘቀዘ፣ ለዚህ ነው ዴክስድ ውስጥ የድሮውን ሻካራነት የሚመልስ ምርጫ ያስገቡት። ሰው ጉድለቱን መልሱልን ብሎ የጠየቀበት መሳሪያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለሁሉም ሰው አይሰማም፣ ግን ከሌሎች መሳሪያዎች መሀል ስታስቀምጡት ቦታውን የሚይዝለት እሱ ሻካራነት ይመስለኛል።

የማይችለውንም ልናገር፣ ካልተናገርኩ የሻጭ ወሬ ይሆንብኛል። ፊልተር፣ ማለትም የድምጹን የተወሰነ ክፍል የሚቆርጥ ነገር፣ የለውም። ሪቨርብም ኮረስም ምንም ኤፌክት የለውም፣ ያን ዘመን የሰማችሁት ሰፊ ድምጽ ሁሉ ከውጪ የተጨመረበት ነው። አውትፑቱ ሞኖ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ድምጽ ብቻ ነው የሚሰራው። ወፈር ያለ ሞቅ ያለ የስትሪንግ ድምጽ የሚፈልግ ሰው አናሎግ ቢፈልግ ይሻለዋል፣ ከዲኤክስ 7 ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቀጠን ይላል። የቁልፎቹ አለካክም እንከን አለው፣ በሀይል ብትመቱት እንኳን በሚዲ የሚልከው ከፍተኛው ቁጥር የሚዲ ጣሪያ የሆነው 127 አይደርስም፣ ስለዚህ ሌላ ኪቦርድ አገናኝታችሁ የሱን ድምጽ ስትጫወቱ ከለመዳችሁት በላይ ያበራባችኋል። በደወል፣ በቤዝ፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በእንጨትና በብረት ድምጽ፣ በብራስ ግን፣ ማለትም ተመትቶ ወይ ተነፍቶ በሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ከሱ ጋር የሚቆም ብዙ አላውቅም።

ናፍቆት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። የኤፍኤም ድምጽ ኪቦርድ ላይ ብቻ አልቀረም፣ ያማሃ የሰራቸው ትናንሽ ቺፖች የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ጌም ውስጥም፣ የ80ዎቹ መጨረሻ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርዶች ውስጥም ነበሩ፣ ኦፕሬተራቸው አነስ ያለ ቢሆንም ሀሳቡ ያው ነው፣ እና በነሱ ያደገ ሰው ድምጹን ሲሰማ የሆነ ነገር ይነካዋል። ግን ናፍቆት አንድ ሰው እንዲገዛ ሊያደርገው ይችላል እንጂ ያንን የማይመች ስክሪን እያየ ዓመት ሙሉ ቁጥር እንዲቀይር አያደርገውም። እኔ የማውቃቸው የዲኤክስ 7 ሰዎች የድሮ ዘፈን አይጫወቱበትም፣ ብዙዎቹ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ድምጽ አጥፍተውታል፣ የሚሰሩት ድምጽ በ80ዎቹ ማንም ያልሰማው ነው። አምራቾቹም ይሄን ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ያማሃ ራሱ በ2015 ሪፌስ ዲኤክስን፣ ቀጥሎ ሞንታዥን አወጣ፣ ኮርግ በ2020 ኦፕሲክስን አወጣ፣ እነዚህ አዲስ ስራ ለመስራት የተሰሩ እቃዎች ናቸው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለነዚህ መሳሪያዎች ዳግም ስትጽፉ ከሰብሳቢዎች ጋር ብቻ አታውሩ፣ ዛሬ ሙዚቃ እየሰሩባቸው ያሉትን ሰዎች አናግሩ፣ ሲጫወቱም እዩዋቸው።

እና ጽሁፋችሁን አንብቦ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ እነዚህን ነገሮች ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሲገዛ ኢ ፒያኖ 1ን ይጥራና እያንዳንዱን ቁልፍ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በሀይል ይንካው፣ ቀለሙ የማይቀየር ወይም ሁሌም እያበራ የሚወጣ ቁልፍ ካለ ከስሩ ያለው ኮንታክት ቆሽሿል ወይ አልቋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ሲጸዳ ይስተካከላል። ጠፍጣፋዎቹን በተኖችም አንድ በአንድ ይጫናቸው፣ ብዙ የተሰራባቸው ይደክማሉ። ውስጡ ድምጾቹን የሚጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው ያለው፣ ያ ሲያልቅ የውስጥ ድምጾቹ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ለመቀየር ከመክፈቱ በፊት 32ቱንም በሚዲ ወደ ኮምፒውተር፣ ወይም ወደ ካርትሪጅ፣ መሳሪያው ላይ ወደሚሰካው ትንሽ የድምጽ ማስቀመጫ፣ ያውጣቸው። ከሱ በፊት የያዘው ሰው የሰራቸው፣ ሌላ ቦታ የሌሉ ድምጾች እዛ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ሳያዩ ነው በፋብሪካው የሚተኳቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ኪቦርድ ተጫዋች አንባቢያችሁ